ጋሪው በዲዝኒ በር አያልፍም፤ ለእትዬ ማን ይንገራት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ዓምድ ዘወትር አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ በሰኔ አምስት ዓመት ይሞላዋል፣ ሴቷ አሥር ወሯ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኛ እትዬ ነው የምንላት፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ አማቴን ጨምሮ ሁላችንንም አሜሪካ ጋብዛናለች፤ ቪዛውም ተሳክቶልናል። የአውሮፕላኑንም ሆነ ፍሎሪዳ ወርደን ዲዝኒ ወርልድ የምንቆይባቸውን ሦስት ቀናት ወጪ የቻለችው እርሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ለልጆቹ የገዛችውን ጋሪ ፎቶ ላከችልን። ጋሪ ይባላል እንጂ ትንሽ መኪና ነው። አራት ትልልቅ ጎማዎች፣ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መቀመጫዎች፣ የዕቃ ኪስና የሚጎተትበት ረጅም እጀታ አለው። «ሁለቱም ተኝተውበት ይውላሉ፣ የእማዬም ቦርሳ ይገባል» ብላ በድምፅ መልእክት ነገረችን። ደስታዋ ከድምፅዋ ያስታውቃል። እኔ ግን ስለ ጉዞው በስልኬ ሳነብ ዲዝኒ እንዲህ ዓይነቱን ሠረገላ መሰል ጋሪ ጭራሽ እንደማያስገባ፣ ተራውንም ጋሪ ቢሆን በመጠን እንደሚገድብ አየሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «ዝም በይ፣ እዚያ ስንደርስ ራሷ ታየዋለች። ይህን ሁሉ ወጪ ላወጣች ሰው ስጦታሽ አይረባም ይባላል?» አለኝ።

በዚህ ላይ እሑድ ዕለት ቡና ተፈልቶ ነገሩ ሲነሳ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አማቴ «አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ በጋሪ? እግር የለውም? እኔ ስድስት ልጅ በአንቀልባ አዝዬ ነው ያሳደግሁት» አሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አንድ መናፈሻ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱን በጋሪ ተገጭቶ ስለነበር «ድሮም መከልከል አለበት፣ መንገድ ይዘጋሉ» ይላል። ባለቤቴ እንደተለመደው ስቆ ዝም አለ። እኔ ልጄን አውቀዋለሁ። ሲደክመው መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ሕፃኗንም የምይዘው እኔ ነኝ። አማቴ ጤነኛ ናቸው፤ ደረጃ ሲወርዱ ብቻ ግድግዳ ይዘው ነው። እርሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ እትዬንም እንዲሁ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? ልጄስ በጋሪ ቢሄድ ነውር ነው?

ግራ የገባት እናት፣ ከአራት ኪሎ

* * *

እህቴ፣ ለእትዬ ንገሪያት። ዛሬ ባይሆንልሽ እንኳ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ንገሪያት።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ይህኛው ክፍል በሰው አስተያየት የሚለዋወጥ ስላልሆነ ነው። ያነበብሽው ትክክል ነው። የአሜሪካ የዲዝኒ ፓርኮች፣ በፍሎሪዳም ሆነ በካሊፎርኒያ፣ ከሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2019) ጀምሮ የሚጎተትም ሆነ የሚገፋ ሠረገላ መሰል የልጆች ጋሪ አያስገቡም። ተራው የልጅ ጋሪ ይገባል፤ ነገር ግን ስፋቱ ከ79 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ132 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በእነርሱ መለኪያ 31 እና 52 ኢንች መሆኑ ነው። ሠረገላው ከእነዚህ ልኮች ቢያንስም አይገባም፤ የተከለከለው በዓይነቱ ነውና። ስለዚህ «ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ለምነን እንገባለን» የሚል ተስፋ አትያዙ።

እስቲ የባለቤትሽን ምክር ተከትለን እስከዚያ በር ድረስ እንሂድ። ሐምሌ ነው፤ ፍሎሪዳ በሐምሌ ከጠዋት ጀምሮ ያልባል። እትዬ ያን ትልቅ ጋሪ በመኪና ጭና፣ ዘርግታ፣ ልጆቹን አስቀምጣ ከፊት ከፊት እየጎተተች ትመጣለች። ፈታሹ ያስቆማትና «ይቅርታ፣ ይህ አይገባም» ይላታል። በእናቷ ፊት፣ በወንድሟ ፊት፣ ከኋላ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት። ልጆቹን አውርዳ፣ ጋሪውን ወደ መኪና ማቆሚያው መልሳ፣ እንደገና ልትሰለፍ ነው። ማታ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ «ለመሆኑ ታውቁ ነበር?» ብላ ብትጠይቅስ ምን ትመልሳላችሁ? ባለቤትሽ ክፋት የለበትም፤ ይሉኝታ ነው የያዘው። ግን ይህ ይሉኝታ እህቱን ከአንድ የስልክ ጥሪ አድኖ ለአደባባይ እፍረት አሳልፎ የሚሰጣት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ስጪ። የምትፈሪው እትዬ ትቆጣለች ብለሽ ነው? ወይስ ወጪውን እርሷ ስለቻለች አስተያየት የመስጠት መብት የለኝም ብለሽ? የመጀመሪያው ከሆነ፣ አንቺ ራስሽ ደስታዋ ከድምፅዋ ያስታውቃል ብለሽ የጻፍሽላት ሴት ቁጡ አትመስለኝም። የፈለገችው ልጆቹ ተመችቷቸው እንዲውሉ ነው፤ አንቺም የምትፈልጊው ያንኑ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ስሜቱ በጋሪ አያበቃም። ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ሕፃኗ መቼ እንደምትተኛ፣ ልጁ ምን እንደሚበላ በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ እየተከተለ አፍሽን ይይዝሻል፤ ሦስት ቀን ሙሉ። እትዬ የከፈለችው የትኬት ዋጋ ነው። ልጆችሽ ሲደክማቸው ምን እንደሚሆኑ የምታውቂው አሁንም አንቺ ነሽ፤ እርሷም ብትጠየቅ ይህን የምትክድ አይመስለኝም።

ስትደውዪ በቅድሚያ ፎቶውን ስታዪ የተሰማሽን ደስታ ንገሪያት፤ እውነት ስለሆነ አይከብድሽም። ከዚያ ነገሩን የእርሷ ስህተት አስመስለሽ ሳይሆን የሁላችሁም ጣጣ አድርገሽ አንሺው። ለምሳሌ እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «እትዬ፣ ስለ ዲዝኒ ሳነብ ሠረገላ አናስገባም የሚል ደንብ አገኘሁ። እኔ በደንብ ገብቶኝ ይሁን አይሁን አንቺም እዪልኝ። ደረሰኙ ካለሽስ ሱቁ ይመልሰው ይሆን?» አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሱቆች ደረሰኝ ያለውን ዕቃ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይመልሳሉ። ቀኑ ካለፈ ግን አይሆንም፤ እናንተ እርሷን ላለማስቀየም ዝም ባላችሁ ቁጥር ገንዘቧ ነው የሚቀልጠው። ይህን ለባለቤትሽም ንገሪው፤ ለእርሱ ከሁሉም በላይ የሚገባው ይህኛው ይመስለኛል። አልመልሰውም ካለችም ጋሪው ሜዳ ላይ አይወድቅም። ሜሪላንድ በምትቆዩባቸው ቀናት በሰፈሯ መናፈሻ ልጆቹን ትጎትትበታለች፤ ስጦታዋም ከነክብሩ ይቆያል።

ግን አደራ፣ በቤተሰቡ የቡድን መልእክት ላይ አትጻፊው። ለእርሷ ለብቻዋ ይሁን። ቡድኑ ላይ አንዴ ከወጣ ከአዲስ አበባ እስከ ቶሮንቶ ያለው ዘመድ ሁሉ በአንድ ሌሊት የጋሪ ሊቅ ይሆናል።

የወንድምሽ ነገር ብዙ አያቆየንም፤ እውነት አለውና። ደንቡ በወጣበት ዓመት በሁለቱም ፓርኮች ብዙ ሕዝብ የሚጠበቅበት አዲስ ክፍል ሊከፈት ነበር፤ ድርጅቱም ዓላማዬ መጨናነቁን መቀነስ ነው ብሏል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሰፋፊ ጋሪዎች ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ ያቆማሉ፣ ተረከዝም ይገጫሉ። በሌላ በኩል ክልከላው ያስከፋቸው ወላጆችም አሉ፤ መራመድ የሚከብደውን ትልቅ ልጃቸውን በሠረገላ ይዘው ይገቡ የነበሩ። ፓርኩ እንዲህ ላሉት ልጆች ተራ ጋሪን እንደ ተሽከርካሪ ወንበር ቆጥሮ ወረፋ ውስጥ ድረስ የሚያስገባበት ምልክት በእንግዳ መቀበያው ይሰጣል። ለአንቺ ልጅ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ወንድምሽ ግን በጋሪ የሚገፋው ልጅ ሁሉ የቅምጥል ልጅ እንዳይመስለው ብትነግሪው አይከፋም።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ። «አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በጋሪ?» የሚለው ጥያቄ አራት ኪሎ ላይ ሲጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ልጅሽ በእግሩ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ግቢው ውስጥ ሲሮጥ ይውላል። ደግሞስ ጋሪ ይዘሽ የት ትደርሻለሽ? የሚኒባስ ረዳት ከዲዝኒ ፈታሽ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ጋሪውን እንደ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሮ ሒሳብ ይቀበልሻል፣ ያውም ደስ ካለው። እዚያ ላይ ግን የሚያስጨንቀው ዕድሜው ሳይሆን ርቀቱ ነው። በእነዚያ ፓርኮች አንድ ጎብኚ በቀን አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መራመዱ የተለመደ ነው፤ ከአራት ኪሎ በእግር ተነስተሽ ቦሌ ደርሰሽ እንደመመለስ ያህል። በመካከሉ ፀሐይ ላይ መሰለፍ አለ። የሰዓት ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ በሐምሌ በእኛና በእነርሱ መካከል ሰባት ሰዓት አለ። እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ከመጣችሁ ገና ጥቂት ቀናችሁ ከሆነ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሳለ የልጁ ሰውነት «አልጋዬ የት አለ?» እያለ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ጠዋት በእግሩ ይሂድ፣ ይሩጥ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የሚያርፍበት ነገር ይኑር። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አጣሪ። አንደኛው ክብደቱ ነው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ በአማካይ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብዙ ጋሪዎች ደግሞ ለ15 ኪሎ ብቻ የተሠሩ ናቸው። በአውሮፓው መመዘኛ ለትልልቅ ልጆች የሚሠሩት እስከ 22 ኪሎ ይፈተሻሉ። ጋሪው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነግርሻልና ልጁን አስቀድመሽ መዝኚው። ሁለተኛው ልጁ ራሱ ነው። በዚያ የቡና ክርክር ጊዜ እዚያው ነበረ? አያቱ «እግር የለውም?» ሲሉ ሰምቶ ከሆነ፣ እዚያ ሄዶ ቢደክመው እንኳ «ትልቅ ነኝ፣ አልቀመጥም» ብሎ ሊያስቸግርሽ ይችላል። ሁለት መቀመጫ ያለው ጋሪ ካገኛችሁ «የእህትህ ጋሪ ነው፣ ሲደክምህ ታጋራሃለች» በዪው። ክብሩ ተጠበቀለት ማለት ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅም ክብር ትልቅ ነገር ነው።

አማትሽን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። «ስድስት ልጅ በአንቀልባ አዝዬ ነው ያሳደግሁት» ሲሉ ስለ ጋሪ ብቻ የተናገሩ አልመሰለኝም። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁበት ብልሃት ከአንድ ፎቶ በኋላ ድንገት ኋላ ቀር ሲመስል ማን ዝም ይላል? ደግሞም ዲዝኒ ላይ ሳይቀር ትክክል ናቸው። ጋሪ ወረፋ ውስጥ አይገባም፤ በየመጫወቻው ደጅ በተመደበለት ቦታ ይቆማል። ያን ጊዜ ሕፃኗ ከጋሪው ወርዳ በሰው እጅ ላይ ናት፤ ሃያ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰዓትም። የአሥር ወር ልጅ ምን ያህል ክንድ እንደምታዝል ለአንቺ አይነገርም። እዚያ ወረፋ ላይ አንቀልባ የጀርባ ዕረፍት ነው፤ ሁለት እጅሽም ለወንዱ ልጅ ነጻ ይሆናል። «እማማ፣ ወረፋ ላይ ጋሪ አይገባም አሉ፤ አንቀልባውን ይዘን እንሂድና አስተሳሰሩን ያሳዩኝ» ብትያቸው ማባበል አይሆንብሽም፤ የምትፈልጊው ዕርዳታ ነው።

አሁን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር። «ደረጃ ሲወርዱ ብቻ ግድግዳ ይዘው ነው» ብለሻል። እህቴ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ስለ ልጁ እግር ሲከራከር የአያቱን ጉልበት ያነሳ ሰው የለም። እኔን ከልጁ ይልቅ ያሳሰቡኝ እርሳቸው ናቸው። ልጁ ሲደክመው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሁላችሁም ታያላችሁ። እርሳቸውስ? «ደከመኝ» የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው ወይስ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው የሚከተሉ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጉልበታቸው ካበጠ የቀሩትን ሁለት ቀናት ሆቴል ሊያሳልፉ ነው፤ ልጃቸው ያን ያህል ከፍላ የጋበዘቻቸው ደግሞ የሆቴል ግድግዳ እንዲያዩ አይደለም።

ፓርኮቹ ተሽከርካሪ ወንበር ያከራያሉ፤ በሰው የሚገፋም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድም አለ። ይህን ግን አንቺ አታንሺው። ከምራት አፍ ሲወጣ «አርጅተዋል» ማለት ይመስላል፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ እንክብካቤ ነው። ባለቤትሽ ሳቁን ትቶ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ለእህቱ መደወሉን አንቺ ከወሰድሽ፣ እናቱን ማናገሩ የእርሱ ይሁን፤ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ለብቻቸው ያናግራቸው፣ ቡና ላይ በተሰበሰበ ሰው ፊት አይሁን። «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከእኛ ሳትለዪ እንድትውዪ እፈልጋለሁ፤ ስትደክሚ የምትቀመጪበት ወንበር ብንከራይ ምን ይመስልሻል?» ቢላቸው ይበቃል። እምቢ ካሉ አይጫናቸው። ለእርሳቸው ግማሽ ቀን ይበቃል ብላችሁ ማቀድም ትችላላችሁ። ደግሞ «እርሳቸው ከሕፃኗ ጋር ጥላ ሥር ይቀመጣሉ» ብላችሁ ሳትጠይቋቸው ሞግዚት አታድርጓቸው። የቁመት ገደብ ባላቸው መጫወቻዎች ላይ አንዱ ወላጅ ከሕፃኗ ጋር ውጭ ቆይቶ፣ ሌላው ሲመለስ ወረፋውን እንደ አዲስ ሳይጠብቅ የሚገባበት አሠራር አላቸው። ደጁ ላይ ለቆመው ሠራተኛ መናገር ብቻ ነው። አንቺና ባለቤትሽ በዚህ ትቀያየራላችሁ።

ታዲያ በሠረገላው ፋንታ የትኛው ጋሪ ይሻላል? መጀመሪያ እትዬን የምትጠይቂያት ከማረፊያችሁ ወደ ፓርኩ በምን እንደምትሄዱ ነው። በመኪና ከሆነ ጎን ለጎን ሁለት ልጅ የሚይዘውን እመርጥልሻለሁ። 79 ሴንቲ ሜትር ጠባብ መስሎሽ ከሆነ አትጨነቂ፤ ከእነዚህ ጋሪዎች ብዙዎቹ በቤት በር እንዲያልፉ ታስበው 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚሠሩት። በፓርኩ አውቶቡስ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ሰፊ ጋሪ እንዲታጠፍ ሊጠየቅ ይችላል። ማታ፣ ሁለቱም ልጆች ተኝተው፣ አማትሽ ደክሟቸው፣ ወረፋው እየገፋ ያን ሰፊ ጋሪ ማጠፍ ምን እንደሚመስል አስቢው። ያን ጊዜ ለሕፃኗ ወደ ኋላ ጋደም የሚል ቀላል ታጣፊ ጋሪ ያዙና ለወንዱ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ተከራዩለት። የኪራዩ ጋሪ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነና ወደ ኋላ ስለማይጋደም ለሕፃኗ አይሆንም፤ ለልጁ ግን ይበቃዋል። ከፓርኩ ይዞ መውጣት ስለማይቻል እስከ አውቶቡሱ ድረስ አባቱ ይሸከመዋል።

ስለ ታጣፊ ጋሪ ካነሳን፣ የመጀመሪያውን እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብ ቀላል ጋሪ የሠራው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ቀደም ሲል የጦር አውሮፕላን ጎማዎች በሚታጠፉበት ብልሃት ላይ ይሠራ ነበር። ሴት ልጁ ከባድ ጋሪ ይዛ በጉዞ ስትንገላታ አይቶ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ከአሉሚኒየም ሠራው ይባላል። ይህን ለባለቤትሽ አጫውቺው፤ አንዳንድ ወንድ ነገሩ ከአውሮፕላን ጋር ሲያያዝ ጋሪ መግፋት ይቀለዋል።

ጋሪው ደጅ ሲቆም ሠራተኞቹ ቦታ ለማስተካከል ያንቀሳቅሱታል፤ ካቆማችሁበት ብታጡት አትደንግጡ። በመቶ ከሚቆጠሩት መካከል እንድታውቁት እጀታው ላይ ደማቅ ጥብጣብ እሰሩበት። ፓስፖርትና ገንዘብ በፍጹም አትተዉበት። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ስለሆነ የጋሪ የዝናብ ልብስ ያዙ። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ እላለሁ፤ ሕፃኗ ጋሪ ውስጥ ስትተኛ ፀሐይ እንዳይነካት ብላችሁ በነጠላ አትሸፍኗት። እኛ አገር የለመድነው ነው፤ በዚያ ሙቀት ግን ስስ ጨርቅም ቢሆን አየሩን ዘግቶ ውስጡን በደቂቃዎች ያግለዋል። የጋሪውን ጥላ ተጠቀሙ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉ፣ እጃችሁን እያስገባችሁ አንገቷን ንኩ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ከጎረቤት ጋሪ ተዋሺና ሁላችሁም ከአራት ኪሎ ተነሱ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ውረዱ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ውጡ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ድረስ። የእግረኛው መንገድ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ሰፍቷልና ጋሪ ለመግፋት ይመቻል። ሽቅቡን ባለቤትሽ ይግፋ። ወንድምሽም ይምጣ፤ ሲገፋ ደግሞ የሰው ተረከዝ አለመግጨት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይየው። ማንም ለማንም ማስረዳት የለበትም። ልጁ የት ላይ ቁጭ እንዳለ፣ አማትሽ የት ላይ ግድግዳ እንደፈለጉ፣ ሕፃኗ ጋሪ ውስጥ እንደተኛች ወይስ እንዳለቀሰች አስተውይ። ፒያሳ ደርሳችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ ባለቤትሽ «ዲዝኒ ላይ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው» ብሎ ቢጀምር፣ እናቱን የሚያናግርበት አጋጣሚ ያው ተገኘ። መመለሻውን በታክሲ አድርጉት።

ለእትዬ የምትደውዪበት ጊዜም ይታሰብበት። ሥራ ላይ ሆና ወይም መኪና እየነዳች የምትሰማው ወሬ አይደለም። እሑድ በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብትደውዪ እዚያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ቤት ትሆናለች። ሌላ ጋሪ ልፈልግ ካለችሽ ከመክፈሏ በፊት ልኩን እንድትልክልሽ ጠይቂያት፤ ሻጮች አንዳንድ ጊዜ የሚጽፉት የመቀመጫውን ስፋት ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ነው።